«ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም»፦ የአንድ ቦኖና የሦስት ማስታወቂያ ጉዳይ

የምኒልክን የክተት አዋጅ እወደዋለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር። ደሴ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ለተማሪዎቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። ስንት ዓመት አንብቤውም አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ይያዛል። ግን ለምን እንደምወደው በደንብ የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ወረኢሉ ወረዳ፣ በተወለድኩበት መንደር፣ ውሃ ባቆመ አንድ ቦኖ ምክንያት ነው የገባኝ። ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ስለ ምኒልክ አገዛዝ ሰው የተለያየ ስሜት እንዳለው አውቃለሁ፤ እኛው ቤት ውስጥም ይለያያል። እዚህ የማወራው ስለ አንድ ወረቀት አማርኛ ነው።

አዋጁ የወጣው መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ግድም ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌ ውል ተፈርሟል። ውጫሌን ታውቋታላችሁ፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ጠቡን ያመጣው 17ኛው አንቀጽ ውስጥ ያለ አንድ ግስ ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚህች ቃል ተንጠልጥላ ኢጣልያ «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ስለዚህ ምኒልክ ያንን አዋጅ ሲያስነግሩ አንዲት ቃል አገር ልታሳጣ እንደምትችል በራሳቸው ደርሶ ያዩ ሰው ነበሩ። እኔ አዋጁን ሳነብ ይህን አልረሳም።

ክተቱ የተጠራው ደግሞ እኛው ዘንድ ነው። «ዘመቻዬ በጥቅምት ነውና የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ይላል መጨረሻው። የወረኢሉ ልጅ ሆኖ ይህን መስመር ሰምቶ የማይነቃ የለም። ከወሎም ራስ ሚካኤል ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ዓድዋ ድረስ ዘምተዋል።

አሁን ወደ መንደራችን።

በ2010 ነሐሴ ውስጥ ክረምቱ በርትቶ ከምንጩ በታች ያለው ቁልቁለት ተናደ። ከጎለበተው ምንጭ ወደ ቦኖው የሚወርደው ቱቦ ተቆረጠ። 86 ቤት ይቀዳበት የነበረው ቦኖ ቆመ። ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው ወንዝ ይወርዱ ጀመር፤ ወርዶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አዲሱን ቱቦ ማግኘት ያን ያህል አላስቸገረም። ያስቸገረው ቦዩ ነው። ናዳውን ሸሽቶ በሌላ በኩል 400 ሜትር መቆፈር አለበት፤ የሚቆፍረው ደግሞ የመንደሩ ሰው ነው።

የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ የአጎቴ ልጅ ነው። ያኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ንግግር ይወዳል፤ የክተት አዋጁን ከልጅነቱ በቃሉ ያወርደዋል። ፍቅሩን ከኔ ነው የወረሰው፤ እኔ ነኝ ያስጠናሁት።

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ጥቅምት ላይ ጻፈ። ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።

«ለቀበሌው ነዋሪዎች በሙሉ። በቀበሌያችን የሚታየውን የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ችግር በዘላቂነት ለመቅረፍ ይቻል ዘንድ የኅብረተሰቡን የባለቤትነት ስሜትና የነቃ ተሳትፎ በማጎልበት የጥገና ሥራው በቅርቡ የሚከናወን በመሆኑ የሚመለከተው አካል ሁሉ የበኩሉን አስተዋጽኦ እንዲያበረክት በጥብቅ እናሳስባለን።»

ቀኑን በቃል ነገሩ። ዘጠኝ ሰው መጣ። አምስቱ ራሳቸው የኮሚቴው አባላት ናቸው።

እስቲ ማስታወቂያውን ደግማችሁ አንብቡት። ማን ነው የሚናገረው? አይታወቅም። ለማን? «ለሚመለከተው አካል»። ምን ይዞ፣ ስንት ሰዓት፣ የት ይምጣ? የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከላይ ተነስቶ ትንፋሽ ሳይሰጥ «እናሳስባለን» ላይ ይወድቃል። ልጁ እንዲህ ዓይነት አማርኛ ቤቱ አይናገርም። ከየት አመጣው? ቢሮ በር ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት፣ ከስብሰባ፣ ከሬዲዮ። ይህ አጻጻፍ እንደ ጉንፋን ነው፣ ሁላችንንም ይይዘናል። እኔም ለትምህርት ቤቱ ሪፖርት ስጽፍ ይይዘኛል።

ልጁ ተናደደ። ሁለተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጻፈ፤ አሁን ግን ወደሚወደው አዋጅ ሄደ። «ያገሬ ሰው!» ብሎ ጀመረ። ውሃ ሕይወት መሆኑን በሦስት መስመር አወራ። ከዚያ በቀጥታ እዚህ ደረሰ፦ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፣ አልተውህም፣ ማርያምን፤ ለዚህ አማላጅ የለኝም!»

ገበያ መሐል ቆሞ ራሱ አነበበው። ድምፁ ጥሩ ነው። ሰዉ ዝም ብሎ ሰማው፤ እሱም የያዘው መሰለው። በቀጠሮው ቀን 14 ሰው መጣ። የቀረው ሰው ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ተቀየመ።

እኔ የደረስኩት ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት መውሊድና ኅዳር ሚካኤል ተከታትለው ነበር የዋሉት፣ አንዱ ኅዳር 11 ሌላው ኅዳር 12። መንደራችን ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ነውና ሁለቱንም በዓል አገር እየዞርን ስንበላ ሰነበትን። ቅሬያችንም (እድራችን ማለት ነው) አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት መቃብሩ ይለያያል እንጂ ድንኳኑ አይለያይም። ቡና ላይ የቅሬው ዳኛ ልጁን ጠሩት። ሸህ ናቸው፣ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ። የተናገሩትን እንደሰማሁት ልጻፈው።

«ልጄ፣ ያነበብከውን ሰምቻለሁ። ማርያምን ብለህ ስለማልክ አልከፋኝም፤ የጎረቤቴ መሐላ ነው፣ ስሰማው አርጅቻለሁ። ትጣላኛለህ ስላልከኝም አይደለም፤ ብንጣላም እንታረቃለን። ግን አምና መቶ ብር ሰጥቻለሁ። የት ገባ?»

ልጁ ቀና ማለት አቃተው። ነገሩ እውነት ነበር። አምና ኮሚቴው ለጥገና ብሎ ከየቤቱ መቶ መቶ ብር ሰብስቧል፤ ሒሳቡን ግን ለማንም አልተናገረም። ሌባ አልነበሩም፤ ስንፍናና ሐፍረት ነው። ደረሰኙ ተበታተነ፣ ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመት ሞላ። ሰዉም አልጠየቀም። ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ማታ ከልጁ ጋር ተቀመጥን። ቤቱ ውስጥ አንድ የሶላር መብራት ነው ያለው፤ እሱን ጠረጴዛው ላይ አድርገን አዋጁን መስመር በመስመር አነበብነው። ሽምደዳውን ተወው አልኩት፤ ፈታ ፈታ አድርገን፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሠራ እንይ። ቃሉ ከቅጂ ቅጂ በጥቂቱ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ስለ ራሳቸው ነው የሚናገሩት፣ ያውም አጭር። እግዚአብሔር እስካሁን አኖረኝ፣ ገዛሁ፣ ከእንግዲህም «ብሞትም ሞት የሁሉም ነውና ስለኔ ሞት አላዝንም»። ሰውን ወደ ሞት ሊጠሩ ነው፤ ስለዚህ የራሳቸውን ሞት አስቀድመው መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ ጠላት ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ጉሮሮዬን የሚይዘኝ ቦታ፦ «እኔም ያገሬን ከብት ማለቅ የሰውን መድከም አይቼ እስካሁን ብታገስም»።

ይህች ሐረግ ትንሽ ትመስላለች። ግን ያን ጊዜ የሚሰማት ሰው ማን እንደነበር አስቡ። ከ1880 ጀምሮ እስከ 1884 ድረስ የዘለቀው ክፉ ቀን ገና ከሰዉ አጥንት አልወጣም። ከብቱ «ደስታ» በሚባለው የከብት በሽታ አልቋል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። የወሎ ሰው ይህን ታሪክ ከአያቱ ነው የሰማው። አዋጁ ለዚያ ሰው «ድካምህን አይቻለሁ፣ ያልጠራሁህም ስለዚህ ነው» ይለዋል። አንድ ነገር ሳይጠይቁት በፊት ነው ይህን የሚሉት። እኔ እስካሁን ከዚህ የበለጠ ሰውን የሚያከብር የመንግሥት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አላነበብኩም።

«አንተስ የሰዉን መድከም አይተሃል?» አልኩት። አሰበ። ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ሁለቱንም ጥሪ ያደረጉት ገብስ እየታጨደ ነው። የመጣው 14 ሰው ማጭዱን አስቀምጦ ነበር የመጣው፤ የቀረውም አዝመራው እንዳይረግፍበት ነው የቀረው። እሱ ግን «የወሰለተ» ብሎታል።

ቀጥሎ ፍልፈሉ አለ። ጠላት ባሕር አልፎ መጥቶ «እያለፈ እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር»። ልጁ ይህን ሁልጊዜ እንደ ስድብ ነበር የሚያነበው። በማግስቱ ጠዋት ሸሁ ማሳቸው ዳር ወሰዱንና አሳዩን። የታጨደው ገብስ ቃርሚያ ላይ ጥቁር አፈር እዚህም እዚያም ተቆልሏል፣ ትኩስ ነው፣ ጤዛ እንኳ አልያዘውም። በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ጉድጓድ የለም፣ የተደፈነ ነው። «እሱን አታየውም» አሉ። «ይሄን ጉብታ ብቻ ነው የምታይ። ከሥር ስንት ሥር እንደበላ የምታውቀው ሰብሉ ሲደርቅ ነው። ዛሬ እዚህ ካየኸው ነገ እዚያ ነው።» ኢጣልያ በ1877 ምጽዋ ገባች፣ ከዚያ አስመራ፣ ከዚያ ትግራይ። ድንበር በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቁራሽ በቁራሽ ነበር የሚሄደው። ይህን ለገበሬ እንዴት ታስረዳዋለህ? ካርታ አያውቅም። ፍልፈል ግን ያውቃል፣ ማሳው ላይ አለ።

ልጁም የራሱን ምሳሌ ሊፈልግ ተነሳ። «ውሃ እንደ ደም ሥር» ምናምን አለ። ተወው አልኩት። ማሳ ላይ ያላየኸውን ምሳሌ አታምጣ።

ከዚያ ዋናው መጣ። «ያገሬ ሰው፣ ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም። አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም።»

ልጁ ሁለተኛው ማስታወቂያ ላይ ይህንን ነው የዘለለው። ለምን እንደዘለለው ጠየቅኩት። ቆይቶ «ጋሼ፣ መጻፍ አልቻልኩም» አለኝ። «ስጽፈው መቶ ብሩ ትዝ ይለኛል።»

እኔ ያንን አዋጅ ሃያ ዓመት ሳነብ ይህ አልገባኝም ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው ከዕዳ ነጻ የሆነ ወይም ዕዳውን የተናገረ ሰው ሲሆን ነው። ንጉሡ እውነታቸውን ነበር አልነበረም ብለን ልንከራከር እንችላለን፤ የተበደለ ሰው ነበረ፣ ይታወቃል። አባባላቸውን ግን ተመልከቱ፤ «አልበደልሁህም» አላሉም፣ «የበደልሁህ አይመስለኝም» ነው ያሉት። ለሰሚው ትንሽ በር ትተውለታል። ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው፣ ከጥያቄው በኋላ ነው ዛቻው። ልጁ ዛቻውን ብቻ ነቅሎ ወሰደ። ከሥሩ የተነቀለ ዛቻ ደግሞ ስድብ ነው።

ስለዚህ ያንን ዓረፍተ ነገር በሌላ ቃል ለመጻፍ አልሞከርንም። ሒሳቡን መፈለግ ነበረበት። ልጁ ሁለት ቀን ከገንዘብ ያዡና ከሊቀመንበሩ ጋር ተቀምጦ ብሩን ቆጠረ። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ላይ እምቢ ብሎ ነበር፤ «ሰው ፊት ጥፋታችንን አንብበን ምን እንጠቀማለን?» አለ። ያሳመኑት ሸሁ ናቸው። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ለብቻቸው ነው ያናገሩት።

ሦስተኛው ማስታወቂያ ይኸውላችሁ። የሱ ነው፤ እኔ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያወጣሁበት።

«አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች። ቦኖው ከነሐሴ ጀምሮ ቆሟል። አምና ከ86 ቤት መቶ መቶ ብር ተቀብለናል፤ 8,600 ብር ነው። ለቱቦና ለሲሚንቶ 6,150 ወጣ። ለመኪና 700 ወጣ። 1,750 ብር ገንዘብ ያዡ እጅ አለ። ይህን አምናውኑ ልንነግራችሁ ሲገባን ዝም አልን። በድለናችኋል። እናንተ አላስቀየማችሁንም። ደረሰኙን ጥር ላይ ቅሬው ፊት አንድ በአንድ እናነባለን። ባለፈው ስንጠራችሁ አዝመራ ላይ ነበራችሁ፤ ያም ጥፋት የኛ ነው። አሁን አዝመራው ገብቷል። 400 ሜትር ቦይ ቀርቶናል። ጉልበት ያላችሁ ዶማና አካፋ ይዛችሁ በጉልበታችሁ እርዱን። ጉልበት የሌላችሁ ቡናም ቆሎም ያዙልን። እሱም የሌላችሁ በዱኣችሁ፣ በጸሎታችሁ እርዱን። ሥራው ማክሰኞ ታኅሣሥ 2 ነው። ፀሐይ ስትወጣ ከምንጩ አጠገብ ከወይራው ሥር እናግኛችሁ።»

ያወጣሁት «በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለውን ነው። አያስፈልግም ነበር፤ ከላይ ያለው ሁሉ አክብሮት ነው።

«እናግኛችሁ» የምትለው ቃል ላይ ብዙ ቆየን። አዋጁ «ተገኝ» አይልም፣ «ላግኝህ» ነው የሚለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ተገኝ» የሚል ሰው ራሱ ቤቱ ሊቀር ይችላል። «ላግኝህ» ያለ ግን እዚያ ሊገኝ ቃል ገባ፤ ምኒልክም ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በወረኢሉ በኩል ዘመቱ። ልጁ ይህ ሲገባው ወደ ሊቀመንበሩ ሮጠ። ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ አምስቱም ኮሚቴዎች ወይራው ሥር መሆን እንዳለባቸው ተስማሙ። ቀኑንም አስተካከሉ። ታኅሣሥ 3 በዓታ ነው፣ 5 ጁምዓም አቦም ነው። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ።

ማስታወቂያው ጁምዓ ከሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተነበበ። በሁለቱም ቦታ ያነበበው ልጁ ነው፤ በዚህ ጊዜ ድምፁን አላስጮኸም። «በድለናችኋል» ላይ ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ ብለውኛል። እኔ ደሴ ተመልሼ ነበር።

ማክሰኞ 63 ሰው መጣ። ሐሙስ 41፤ ጥቂቶች ውቂያ ነበረባቸው። ቅዳሜ ከ70 በላይ። ሸሁ ዶማ ማንሳት አይችሉም፣ ግን ሦስቱንም ቀን ወይራው ሥር መስገጃቸውን አንጥፈው ዋሉ፤ ጠዋት ዱኣ አድርገው ሥራውን ያስጀምራሉ፣ ከዚያ ማን መጣ ማን ቀረ ሳይሉ ከሁሉም ጋር ይጨዋወታሉ። አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ደግሞ የገብስ ቆሎ በቁና ይዘው መጡና ለልጁ «ቆሎም ያዙልን ብለሃል አይደል፣ እንካ» አሉት። አንድ ሰው ግን እስከ መጨረሻው አልመጣም፣ ከሊቀመንበሩ ጋር የቆየ የመሬት ነገር አላቸው። ማንም ምንም አላለውም። ሚስቱ ዛሬ ከቦኖው ትቀዳለች።

ይህን ሁሉ የሠራው ማስታወቂያው ብቻ ነው አልልም። አዝመራው መግባቱ ረድቷል፤ ሴቶቹም ወንዝ መውረድ አንገፍግፏቸው ባሎቻቸውን ሲገፉ ሰንብተዋል። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ወይራው ሥር የቆመውን ሰው ሁሉ ልጁ ለምን እንደመጣ አልጠየቀውም ነበር፤ አንድ ጎልማሳ ራሱ ነው የነገረው፦ «መቶ ብሬን ስለነገርከኝ ነው።»

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ቅሬው ተሰበሰበ። ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ልጁ ደረሰኞቹን በላስቲክ አስሮ ይዞ መጣና አንድ በአንድ አነበበ። የቱቦ፣ የመገጣጠሚያ፣ የመኪና። ንግግር አላደረገም፣ አዋጁንም አልጠቀሰም። የሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ደረሰኝ ጠፍቷል አለ፤ ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ ከማን እንደገዛው ተናገረ፣ ሁለት ሰዎች ነገ ሱቁ ድረስ ሄደው እንዲጠይቁ ተመረጡ። ቀሪው 1,750 ብር ተቆጥሮ ለቅሬው ዳኛ ተሰጠ። ሸሁ ብሩን ዳግመኛ ቆጠሩት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጉዳይ ገባን፣ የቅሬው ድንኳን ተቀዶ ነበር።